አዲሱ ላፕቶፕ አልጫን ሲል
(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ላይ በሳይንስ ክበብ ስም በአንድ የ12ኛ ክፍል ተማሪ የተደረገ ንግግር)

የሳይንስ ክበባችን በዚህ በዓል ላይ ንግግር እንዳደርግ ባዘዘኝ ጊዜ ስለ ከዋክብት ወይም ስለ አቶም እንድናገር የመከሩኝ ጓደኞች ነበሩ። እኔ ግን በየቤታችን ጠረጴዛ ላይ ስለሚገኝ ነገር መናገርን መረጥሁ። ይኸውም አዲስ የተገዛ ላፕቶፕ ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልጫንም ብሎ በመካከል ሲቆም ምን መደረግ እንዳለበት ነው። ነገሩ ትንሽ መስሎ ይታይ ይሆናል፤ ነገር ግን ላፕቶፕ ማለት ብዙ ወላጅ የወራት ቍጠባውን የሚያወጣበት ዕቃ ነው። እንዲህ ያለ ዕቃ በአንድ ሰዓት ጥድፊያ «ተበላሽቷል» ተብሎ ሲፈታ፥ ክፍሉ ሲለወጥ ወይም በርካሽ ሲሸጥ ዝም ብሎ ማየት ተምሬያለሁ ለሚል ሰው አይገባም።

የምናገረውን ፍሬ ነገር አስቀድሜ ላስታውቅ። ኦፐሬቲንግ ሲስተም አልጫን አለ ማለት ኮምፒዩተሩ ሞተ ማለት አይደለም። እንዲያውም አዲስ ላፕቶፕ ብዙውን ጊዜ የሚያስቸግረው ስለ ተበላሸ ሳይሆን አዲስ በመሆኑ ነው። ይህ አባባል እንግዳ ይመስል ይሆናል፤ ምክንያቱ ግን ቀላል ነው። በፍላሽ ላይ ያለው ጫኚ ፕሮግራም የተሰናዳው ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በፊት ሊሆን ይችላል፤ ላፕቶፑ ግን ከዚያ በኋላ የተሠራ ነው። እንግዲህ ቀድሞ የተጻፈ መዝገብ ከእርሱ በኋላ የተወለደውን ልጅ ስም እንዴት ሊይዝ ይችላል? ፕሮግራሙም እንደዚሁ የማያውቀው ክፍል ሲያጋጥመው እንደሌለ ይቈጥረዋል። ስለዚህ የዕቃው መሞትና የፕሮግራሙ አለማወቅ ለዐይን አንድ ሆነው ይታያሉ። እነዚህን ሁለቱን ለይቶ ማወቅ የዛሬው ትምህርታችን ነው።

ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሌለው ኮምፒዩተር አዛዥ እንደሌለው ትልቅ ቤት ነው። እንጨት ፈላጩ፥ ውኃ ቀጂው፥ ወጥ ሠሪዋ ሁሉም በየቦታቸው አሉ፤ ነገር ግን ማን መቼ ምን ይሥራ የሚል ስለሌለ እሳቱም አይነድ፥ ማዕዱም አይቀርብ። ዊንዶውስ ወይም ኡቡንቱ የሚባሉት ፕሮግራሞች ይህን የአዛዥነት ሥራ የሚሠሩ ናቸው። አዲሱ አዛዥ ወደ ቤቱ የሚመጣው በፍላሽ ሆኖ ነው፤ በመንገዱም ላይ እንደ ጥንቱ ሲራራ ነጋዴ አምስት ኬላዎችን ማለፍ አለበት። ሥራው ሲቆም ከአምስቱ በአንደኛው ኬላ ላይ ቆሟል ማለት ነው። ኬላውን ያወቀ ሰው የመድኃኒቱን ግማሽ አገኘ።

ምሳሌ እንዲሆነን በዚህ ዓመት በክበባችን የደረሰውን ላስረዳ። የወላጆች ኮሚቴ ገንዘብ አዋጥቶ ለቤተ መጻሕፍታችን አንድ አዲስ ላፕቶፕ ገዛ። ዕቃው ኦፐሬቲንግ ሲስተም ሳይኖረው የሚሸጥ ዐይነት ስለ ነበረ የዊንዶውስ 11 ሕጋዊ ፈቃድ ለብቻው ተገዝቶ የመጫኑ ሥራ ለክበቡ ተሰጠ። የተገዛበትም ምክንያት ግልጥ ነው፤ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2016 ዓ.ም. ጀምሮ ለከፊሉ ተማሪ በኮምፒዩተር መሰጠት ስለ ጀመረ፥ ከእኛ መካከል ማውዝና ኪቦርድ ነክተው የማያውቁ ልጆች እጃቸውን የሚያፍታቱበት መሣሪያ አስፈለገ። ነጋዴውም ጉድለት ከተገኘበት በሦስት ቀን ውስጥ እንደሚቀበል ቃል ሰጥቶ ነበር። ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ መጫን በጀመርን ጊዜ ግን ሥራው በመካከል ቆመ። «ዊንዶውስን የት ላይ ልጫን?» ብሎ የሚጠይቀው ገጽ መጣ፤ ከሥሩ ዲስኮች የሚዘረዘሩበት ሰሌዳ ግን ባዶ ነበረ።

ወዲያው ሦስት ዐይነት ምክር ተሰጠ። አንደኛው «ቀኑ ሳያልፍ ለነጋዴው ይመለስ» አለ። ሁለተኛው ኮምፒዩተር የሚጠግን ሰው ነበረ፤ «ዲስኩ ሞቷል፤ ተከፍቶ ይለወጥ» ብሎ ዋጋውን ተናገረ። ሦስተኛው «እስኪሠራ ድረስ ደጋግማችሁ ሞክሩ» አለ። ሦስቱም በቅን አሳብ የመጡ ምክሮች ናቸው፤ ነገር ግን ሦስቱም ሳይጠይቁ ፈረዱ። የአገራችን ሰው «ነገርን ከሥሩ፥ ውኃን ከጥሩ» የሚለው ለዚህ ጊዜ ነው። እኛም ከአንደኛው ኬላ ጀምረን በተራ ለመጠየቅ ተስማማን።

የመጀመሪያው ኬላ ፍላሹ ራሱ ነው። ለዊንዶውስ 11 ቢያንስ 8 ጊጋባይት የሚይዝ ፍላሽ ያስፈልጋል። የሚወርደው ፋይል ከ5 ጊጋባይት በላይ ስለ ሆነ በሞባይል ኢንተርኔት ማውረዱ ገንዘብም ጊዜም ይፈጃል፤ ከዚህ የተነሣ ከሱቅ ወደ ሱቅ ሲገለበጥ የቈየ ቅጂ ይዞ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። እንዲህ ያለው ቅጂ በመገልበጥ ብዛት ተጓድሎ፥ ወይም ሌላ ሰው እጁን አስገብቶበት ሊሆን ይችላል። ይህን ለመለየት ማይክሮሶፍት በድረ ገጹ ላይ ኤስ.ኤች.ኤ. 256 የሚባል 64 ፊደላትና አኀዞች ያሉት ማረጋገጫ ያወጣል። ያወረድነውን ፋይል በኮምፒዩተር አስልተን ውጤቱ ከዚያ ማረጋገጫ ጋራ አንድ ከሆነ ፋይሉ አልተነካም፤ በውስጡ አንዲት ፊደል ብትለወጥ እንኳ ውጤቱ ፈጽሞ ሌላ ይሆናል።

ደግሞም ፋይሉን እንደ ዘፈን ወይም እንደ ፎቶግራፍ ወደ ፍላሽ መገልበጥ ብቻ አይበቃም፤ ኮምፒዩተሩ ገና ሲነሣ ሊያነበው በሚችል መልክ መጻፍ አለበት። ላፕቶፖች ሲነሡ በደንብ የሚያነቡት ፋት 32 የሚባለውን የፍላሽ አደረጃጀት ነው፤ ነገር ግን በ1996 እ.ኤ.አ. የወጣው ይህ አደረጃጀት ከ4 ጊጋባይት የሚበልጥ ነጠላ ፋይል አይቀበልም። በዊንዶውስ 11 ቅጂ ውስጥ ያለው ዋናው ፋይል ደግሞ ብዙ ጊዜ ከዚህ ይበልጣል። በእጁ የሚገለብጥ ሰው የሚሰናከለው እዚህ ላይ ነው። ማይክሮሶፍት ያዘጋጀው ሚዲያ ክሪዬሽን ቱል ወይም ሩፉስ የተባለው ነጻ ፕሮግራም ግን ፍላሹን በተገቢው መልክ አዘጋጅቶ ይሰጣል። የእኛ ቅጂ ማረጋገጫው ተመሳክሮ ትክክል ሆኖ ስለ ተገኘ አንደኛውን ኬላ አለፍን።

ሁለተኛው ኬላ በረኛው ነው። ኮምፒዩተር እንደ በራ ከማናቸውም ፕሮግራም በፊት የሚነቃ ትንሽ ፕሮግራም በውስጡ አለ። በ1981 እ.ኤ.አ. ከወጣው ከአይ.ቢ.ኤም. ፒሲ ጀምሮ ባዮስ ሲባል ኖሯል፤ በዛሬዎቹ ላፕቶፖች ላይ ቦታውን የያዘው ዩ.ኢ.ኤፍ.አይ. የሚባለው ነው፤ ሰው ግን በልማድ ባዮስ ይለዋል። ወደ እርሱ የሚገባው ኮምፒዩተሩ ሲነሣ አንድ ቍልፍ ደጋግሞ በመጫን ነው፤ ቍልፉም እንደ ሠሪው ኤፍ 2፥ ኤፍ 10፥ ኤስኬፕ ወይም ዲሊት ሊሆን ይችላል። «ከየት ልነሣ?» የሚለውን ዝርዝር ብቻ ለማምጣት ደግሞ ብዙ ጊዜ ኤፍ 12 ወይም ኤፍ 9 ያገለግላል። ፍላሹ በዝርዝሩ ውስጥ ካልታየ በሌላ የዩ.ኤስ.ቢ. ቀዳዳ ሰክቶ ማየት፥ ቀጥሎም ከዩ.ኤስ.ቢ. መነሣት በባዮስ ውስጥ ተከልክሎ እንደ ሆነ መመርመር ነው።

በዚህ ኬላ ላይ ሴኪዩር ቡት የሚባል ጥበቃ አለ። ሥራው የታወቀ ፊርማ የሌለበት ፕሮግራም እንዳይገባ መከልከል ነው። ብዙ ሰው ፍላሹ ሲከለከል ወዲያው ጥበቃውን ይዘጋል፤ ነገር ግን በረኛ አንድን እንግዳ ቢመልስ አስቀድሞ የሚጠረጠረው እንግዳው ነው እንጂ በረኛው አይደለም። ስለዚህ መጀመሪያ ቅጂው ይመርመር። ከዚህም ሌላ በኦክቶበር 5 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. የወጣው ዊንዶውስ 11 ቢያንስ 4 ጊጋባይት ራም፥ 64 ጊጋባይት የዲስክ ቦታና ቲ.ፒ.ኤም. 2.0 የሚባል የምሥጢር መጠበቂያ ይፈልጋል። «ይህ ኮምፒዩተር ዊንዶውስ 11ን ሊያሠራ አይችልም» የሚል ቃል በአዲስ ላፕቶፕ ላይ ሲመጣ መጠበቂያው በባዮስ ውስጥ ተዘግቶ እንደ ሆነ ይታይ። አንዳንዶች ይህን ሽሽት ወደ ዊንዶውስ 10 ይመለሳሉ፤ ነገር ግን የእርሱ መደበኛ ድጋፍ በኦክቶበር 14 ቀን 2025 እ.ኤ.አ. አብቅቷል፤ ለአዲስ ዕቃ አሮጌ አዛዥ መሾም ማለት ነው። በእኛ ላፕቶፕ ላይ ጫኚው ፕሮግራም ተነሥቶ ጥያቄውን ሁሉ ይጠይቅ ስለ ነበረ በረኛውንም አልፈናል። ስለዚህ ችግሩ ከዚህ በኋላ መሆኑ ታወቀ።

ሦስተኛው ኬላ ዲስኩን ማግኘት ነው፤ የእኛም ነገር የቆመው እዚህ ላይ ነበረ። በዚህ ቦታ የሚጠየቀው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፤ «ዲስኩን ያላየው ማን ነው?» የሚል ነው። ጫኚው ፕሮግራም አላየውም። በረኛውስ? እኛም ኮምፒዩተሩን አጥፍተን ወደ ባዮስ ገባንና የዕቃዎቹን ዝርዝር አነበብን። ዲስኩ ከነስሙና ከነመጠኑ 512 ጊጋባይት ተብሎ ተጽፎ አገኘነው። በዚህች አንዲት መስመር ነገሩ ሁሉ ተለወጠ። በረኛው በቤቱ ውስጥ አለ ያለውን ሰው ሞቷል ብሎ መቅበር አይገባም። ዲስኩ ሕያው ነው፤ የጐደለው የጫኚው ፕሮግራም ዕውቀት ነው።

ነገሩ እንዲህ ነው። በብዙ አዳዲስ ላፕቶፖች ላይ፥ በተለይም በኢንቴል ማቀናበሪያ ከሚሠሩት ከ11ኛው ትውልድ ወዲህ ባሉት ላይ፥ ቪ.ኤም.ዲ. የሚባል የዲስክ ማስተዳደሪያ ዘዴ ከፋብሪካው ተከፍቶ ሊመጣ ይችላል። ይህ ጉድለት አይደለም፤ ዲስኮችን በአንድ ኀላፊ ሥር ለማድረግ የታሰበ ሥራ ነው። ነገር ግን ከኀላፊው ጋራ የሚነጋገር ድራይቨር በፍላሹ ላይ ከሌለ ጫኚው ፕሮግራም ከኀላፊው በስተኋላ ያለውን ዲስክ አያየውም። መፍትሔውም ሁለት ዐይነት ነው። አንደኛው የላፕቶፑን ሞዴል ቍጥር ይዞ ከሠሪው ድረ ገጽ ድራይቨሩን ማውረድ፥ የታሸገውን ፋይል ፈትቶ በፍላሽ ላይ ማስቀመጥና ባዶው ሰሌዳ ባለበት ገጽ ላይ «ሎድ ድራይቨር» የሚለውን ተጭኖ ፎልደሩን ማሳየት ነው። ፋይሉ እንደ ታሸገ ከቀረበ ግን ፕሮግራሙ አያነበውም። ሁለተኛው ዘዴ በባዮስ ውስጥ ቪ.ኤም.ዲ.ን መዝጋት ነው።

የእኛ ኮምፒዩተር ባዶ ስለ ነበረ ሁለቱም መንገድ አያሰጋም ነበር፤ የፋብሪካውን አቋም ላለመንካት ስንል የመጀመሪያውን መረጥን። ነገር ግን ዊንዶውስ ተጭኖበት የሚሠራ ላፕቶፕ ያላችሁ ሁሉ ይህን ልብ በሉ። በዚያ ላይ ቪ.ኤም.ዲ.ን በድንገት ብትዘጉት ቀድሞ የነበረው ዊንዶውስ ራሱ ዲስኩን አጥቶ አልነሣም ሊል ይችላል። ዲስኩም በምሥጢር የተቈለፈ እንደ ሆነ የባዮስ አቋም ሲለወጥ ባለ 48 አኀዝ መክፈቻ ቍጥር ሊጠይቅ ይችላል፤ ቍጥሩን ያላስቀመጠ ሰው የገዛ ጽሑፉን ከደጅ ቆሞ ሲያይ ይቀራል። ስለዚህ ቍጥሩን አስቀድሞ ከማይክሮሶፍት አካውንት አውጥቶ በወረቀት መጻፍ ብልኅነት ነው።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ከክበቡ አባሎች አንዱ ድራይቨሩ እስኪወርድ መታገሥ ስላልቻለ በባዮስ ውስጥ ሦስት ነገሮችን በአንድ ጊዜ ለወጠ። ውጤቱም ከበፊቱ የባሰ ሆነ፤ ፍላሹ ራሱ ከመነሻው ዝርዝር ጠፋ። ከሦስቱ የትኛው እንዳጠፋው ማንም ሊናገር አልቻለም። ደግነቱ ገና ስንጀምር የባዮሱን ገጾች ሁሉ በስልክ ፎቶግራፍ አንሥተን፥ የቀሩትን በደብተር ጽፈን ስለ ነበረ አንድ በአንድ ወደ ቦታቸው መለስናቸው። ከዚያ በኋላ አንድ ሕግ አወጣን፤ በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ይለወጥ፥ ሳይጻፍም አይለወጥ የሚል ነው። «ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም» ይባላል፤ ሞኝነቱ ይቅርብንና የወረቀቱን ጠባይ ግን እንውረስ።

ይህ ልማድ የእኛ ፈጠራ አይደለም። በሴፕቴምበር 9 ቀን 1947 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የሃርቫርድ ማርክ 2 የተባለው ትልቅ ኮምፒዩተር ባስቸገረ ጊዜ ሠራተኞቹ ሲመረምሩ በ70 ቍጥር ማገናኛ ውስጥ አንዲት የእሳት ራት ሞታ አገኙ። አውጥተው አልጣሏትም፤ በሥራው መዝገብ ላይ በፕላስተር ለጠፏትና የተገኘችበትን ቦታና ሰዓት ጻፉ። መዝገቡም እስከ ዛሬ በዋሽንግተን በአሜሪካ ታሪክ ብሔራዊ ሙዚየም ይገኛል። ያንን የሚያህል ኮምፒዩተር የሠሩ ሊቃውንት ያላፈሩበትን መጻፍ እኛ የምናፍርበት ምክንያት የለም።

አራተኛው ኬላ ዲስኩን መከፋፈልና ፋይሉን መገልበጥ ነው። ድራይቨሩ ረቡዕ ማታ ወርዶ በተጫነ ጊዜ ዲስኩ በሰሌዳው ላይ ወጣ። ባዶ ዲስክ ሲሆን ሥራው ቀላል ነው፤ ያልተከፈለውን ቦታ መርጦ መቀጠል ነው፤ ፕሮግራሙ የሚያስፈልገውን ክፍል ራሱ ያሰናዳል። ዲስኩ ቀድሞ ያገለገለ ሲሆን ግን «ኤም.ቢ.አር. ስለ ሆነ አልጫንም» የሚል ቃል ሊመጣ ይችላል። ኤም.ቢ.አር. ከአራት የማይበልጡ ዋና ክፍሎችን ብቻ የሚፈቅድ የቈየ የዲስክ አከፋፈል ነው፤ አዲሱ በረኛ በዊንዶውስ የሚፈልገው ጂ.ፒ.ቲ. የሚባለውን ነው። ይህን ለመለወጥ ብዙ ሰው ክፍሎቹን ሁሉ ያጠፋል፤ ከክፍሎቹ ጋራም የቤተ ሰቡ ፎቶግራፍና የተማሪው ማስታወሻ አብሮ ይጠፋል። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንዳይሆን ቅጂው መያዝ ያለበት ከማጥፋቱ በፊት ነው። በጥርጣሬ ላይ ያለ እጅ «ዲሊት» የሚለውን አይንካ።

መገልበጡ ተጀምሮ በመካከል የስሕተት ቍጥር ጽፎ ቢቆም ቍጥሩን እንደ ወጣ ጻፉ። «ፋይል ተበላሽቷል» ወይም «አስፈላጊ ፋይሎችን ልጭን አልቻልሁም» የሚል ከሆነ አስቀድሞ ፍላሹ፥ ቀጥሎም ራሙ ይጠረጠራል። በሌላ ፍላሽ ላይ እንደ ገና መጻፍና ሜምቴስት በተባለው ነጻ ፕሮግራም ራሙን መመርመር ርካሽ የሆኑ ፈተናዎች ናቸው። ርካሹ ፈተና ሳያልቅ ወደ ውዱ አይኬድም። ቻርጀሩም ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ተሰክቶ ይቈይ፤ መብራት የሚጠፋበት ሰፈር ከሆነ ደግሞ ባትሪው ሞልቶ ይጀመር።

አምስተኛው ኬላ ብዙ ሰው አለቀ ብሎ ከተደሰተ በኋላ የሚመጣው ነው። ኮምፒዩተሩ ጠፍቶ በሚነሣበት ጊዜ ፍላሹ እንደ ተሰካ ከቀረ፥ መነሻውም ከፍላሽ እንዲሆን ታዞ ከነበረ፥ ሥራው ከሀ ይጀምራል፤ ያላወቀ ሰውም ዲስኩ አልያዘም ብሎ ያዝናል። ፍላሹን መንቀል ብቻ ይበቃል። ቀጥሎ ዊንዶውስ 11 ኢንተርኔት ይጠይቃል። አዲስ ላፕቶፕ ላይ የዋይፋይ ድራይቨሩ ሊጐድል ስለሚችል የኔትዎርክ ዝርዝሩ ባዶ ሆኖ ይመጣል። በእኛም ላይ ሐሙስ ጧት የደረሰው ይህ ነው። አሁን ግን የባዶ ዝርዝርን ትርጕም ስላወቅን ማንም አልደነገጠም። አንድ የአንድሮይድ ስልክ በዩ.ኤስ.ቢ. ገመድ አገናኝተን የስልኩን ኢንተርኔት ለኮምፒዩተሩ አካፈልን፤ እርሱም በዚያ በኩል የጐደሉትን ድራይቨሮች አወረደ። ስልክ ባይኖር ደግሞ የዋይፋዩን ድራይቨር ከሠሪው ድረ ገጽ በፍላሽ ማምጣት ይቻል ነበር።

ሐሙስ ቀትር ላይ ሥራው አለቀ፤ ዕቃውን ለመመለስ ከተሰጠው ጊዜ ገና አንድ ቀን ይቀር ነበር። ዲስክ አልተለወጠም፥ ላፕቶፑም አልተከፈተም፥ ከኮሚቴው ገንዘብ አንድ ብር አልወጣም። በማግስቱ ከገጠር መጥታ ከእኛ ጋራ የምትማር አንዲት እኅታችን በዚያው ኪቦርድ ላይ ስሟን ለመጀመሪያ ጊዜ ጻፈች። አምስት ፊደል ለመጻፍ ረጅም ጊዜ ወሰደባት፤ ከሁለት ሳምንት በኋላ ግን የፈተና መልመጃውን ከብዙዎቻችን ቀድማ ትጨርስ ጀመር። ያን ማክሰኞ ዕለት ዕቃው ተበላሽቷል ተብሎ ቢመለስ ኖሮ ያ ሁለት ሳምንት አይገኝም ነበር።

ዊንዶውስን ትተው ኡቡንቱን ወይም ሌላ የሊኑክስ ዐይነት ለመጫን የሚፈልጉ ወንድሞችና እኅቶችም ይህንኑ መንገድ ይከተሉ። ሊነስ ቶርቫልድስ በ1991 እ.ኤ.አ. የጀመረው ሊኑክስ ነጻ ስለ ሆነ አቅሙ ለተወሰነ ትምህርት ቤት ይስማማል። ነገር ግን ለአዲስ ላፕቶፕ የቈየ ቅጂ ከተጠቀማችሁ ዋይፋዩ ወይም ድምፁ አልሠራ ሊል ይችላል። ስለዚህ የቅርቡን ቅጂ ያዙ። ኡቡንቱን ሳይጫን ከፍላሹ ላይ አስነሥቶ መሞከር ስለሚቻል፥ ዋይፋዩ፥ ድምፁና ስክሪኑ መሥራታቸውን ዲስኩን ሳትነኩ አስቀድማችሁ እዩ።

የተከበራችሁ ወላጆች፤ ከልጆቻችሁ ጋራ ላፕቶፕ ልትገዙ ስትሄዱ ዋጋውን ብቻ አትጠይቁ። ኦፐሬቲንግ ሲስተሙ ተጭኖ ይመጣልን? ፈቃዱስ ሕጋዊ ነውን? ዕቃው ጉድለት ቢገኝበት እስከ ስንት ቀን ይመለሳል? የሞዴሉ ሙሉ ቍጥርስ በደረሰኙ ላይ ተጽፏልን? እነዚህን አራት ጥያቄዎች ጠይቁ። አንድ ሰው «ይከፈት» ባላችሁ ጊዜም ዋስትናው በመከፈቱ ይፈርስ እንደ ሆነ አስቀድማችሁ እወቁ። ይህን ስል ባለሙያዎችን ለመንቀፍ አይደለም፤ በእውነት የሞተ ዲስክም አለ። በባዮስ ውስጥ ጨርሶ የማይታይ ዲስክ ሲያጋጥም ወደ ባለሙያ ወይም ወደ ሻጩ መሄድ ተገቢ ነው። ነገር ግን ወደ እርሱ ስትሄዱ «አልሠራም አለኝ» ከማለት «ባዮስ ዲስኩን አያየውም» ብላችሁ ብትሄዱ ጊዜውም ገንዘቡም ይቈጠባል፤ ባለሙያውም ያከብራችኋል።

ውድ ጓደኞቼ፤ በቅርቡ ከዚህ ግቢ ወጥተን በየፊናችን እንበተናለን። ብዙዎቻችን የምንሄድበት ቦታ የሚጠይቁት መምህር በአጠገብ አይኖርም። ያን ጊዜ አዲስ ዕቃ ወይም አዲስ ሥራ እንቢ ሲለን ከመሮጣችን በፊት ሦስት ነገር እንጠይቅ። በመጨረሻ በትክክል የሠራው ነገር የትኛው ነው? የማያየው ወይም የማያውቀው ማን ነው? ለውጬ የማየው አንዱ ነገርስ የትኛው ነው? መልሱንም በደብተር እንጻፍ። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች» የተባለው ለእህል ብቻ አይደለም፤ የፈሰሰ እህል እንኳ ይለቀማል፥ በችኮላ የጠፋ ጽሑፍ ግን አይለቀምም።

ክበባችን ቅዳሜ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ በቤተ መጻሕፍቱ በር አጠገብ ይሰበሰባል። ያስቸገረው ላፕቶፕ ያለው ሁሉ ይምጣ፤ ቻርጀሩን፥ የሞዴሉን ቍጥርና አንድ ባዶ ደብተር ይዞ ይምጣ። እኛ ስንሄድም ከበታቻችን ያሉት የ10ኛና የ11ኛ ክፍል ልጆች ደብተሩን ተቀብለው እንዲቀጥሉ አደራ እላለሁ።